«በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ለመቱና ለኢሉባቦር መንገድ የሚበጅ የነዳጅ ሒሳብ

የመኪና ሻጭና ገዢ በደላላ አማካይነት በተገናኙበት ሥፍራ ሁሉ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚል ነው። ጥያቄው ከአዲስ አበባ የመኪና መሸጫዎች እስከ በደሌ፣ መቱና ጎሬ ድረስ አይለወጥም። መልሱም የተለመደ ነው። ደላላው «ጋሼ፣ ይህቺ መኪና ነዳጅ አትበላም፤ በሊትር 12 ትሄዳለች» ይላል። ገዢውም ቁጥሩን በልቡ ይዞ ዋጋ ይቆርጣል። ቁጥሩ በየትኛው መንገድ ላይ፣ በምን ያህል ጭነት፣ በማን እግር እንደተለካ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ይህ ቸልተኝነት ብዙ አይጎዳም ነበር። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ግን ሁኔታው ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ ከ100 ብር አልፏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በመገለጹ፣ የእነዚህ መኪኖች ገበያ በአብዛኛው በአገር ውስጥ ባሉትና ባገለገሉት ላይ እንዲሽከረከር ሆኗል። የቀድሞው የፋብሪካ ወረቀት በጠፋበት ገበያ ደግሞ የደላላው ቃል ብቻውን ይቀራል።

በመሆኑም ለነጋዴውና ለባለሀብቱ የሚጠቅመው ትምህርት አንድ ነው። የነዳጅ ፍጆታ የመኪናዋ ብቻ ባሕርይ አይደለም፤ የመኪናዋ፣ የመንገዱ፣ የጭነቱና የሾፌሩ ድምር ውጤት ነው። ስለዚህ በራስ መንገድ ላይ፣ ደርሶ መልስ ያልተለካ ቁጥር ዋጋ ሊቆረጥበት አይገባም።

ፋብሪካው የሚሰጠው ቁጥር

ነገሩን በግልጽ ለማሳየት ጉልበቷ ከፍተኛ የሆነች አንዲት የቤት መኪና እንደ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው. ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ያመረታት ኤም 5 ባለ 10 ሲሊንደርና 5 ሊትር ሞተር የተገጠመላት ስትሆን፣ ጉልበቷ 500 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ይህቺው መኪና በአውሮፓ የመለኪያ ሥርዓት በ100 ኪ.ሜ. 14.8 ሊትር ትፈጃለች ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይህም በሊትር 6.8 ኪ.ሜ. ያህል ማለት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ለዚህችው መኪና የሰጠው አማካይ በጋሎን 13 ማይል ሲሆን፣ ወደ እኛ መለኪያ ሲለወጥ በሊትር 5.5 ኪ.ሜ. ይሆናል። በከተማ ውስጥ ብቻ ሲሆን በጋሎን 11 ማይል (በሊትር 4.7 ኪ.ሜ.)፣ በአውራ ጎዳና ላይ ሲሆን ደግሞ በጋሎን 17 ማይል (በሊትር 7.2 ኪ.ሜ.) ነው።

እንግዲህ አንዲት መኪና፣ አንድ ሞተር፣ ሁለት የመንግሥት ቁጥሮች። ልዩነቱ የመጣው ከመኪናዋ ሳይሆን ከመለኪያው ነው። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የአውሮፓ መለኪያ መኪናዋን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ አስቀምጦ፣ በዝግታ እያስፈጠነ የሚለካ ነበር። የአሜሪካው ግን ከ2008 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ ፈጣን አነዳድን፣ ብርድንና የአየር ማቀዝቀዣን እንዲጨምር ተደርጎ በመሻሻሉ ቁጥሩ ወደ እውነቱ ቀርቧል።

በቤተ ሙከራና በመንገድ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፍ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት የተባለው የጥናት ድርጅት በአውሮፓ ባካሄደው ክትትል፣ ባለመኪኖች በመንገድ ላይ የሚያወጡት ነዳጅ ፋብሪካዎች ካስመዘገቡት በ2001 እ.ኤ.አ. 9 በመቶ ያህል ይበልጥ እንደነበርና በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ክፍተቱ 42 በመቶ መድረሱን ገልጿል። አውሮፓም በ2017 እ.ኤ.አ. መለኪያዋን ለመለወጥ ተገዳለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ሃዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ የሸጧቸው ብዙ መኪኖች የነዳጅ ቁጥር ተጋኖ በመገኘቱ አስተካክለዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓኑ ሚትሱቢሺ የትንንሽ መኪኖቹን የነዳጅ መረጃ ማዛባቱን በይፋ አምኗል። በቁጥጥር ሥር ያሉ ፋብሪካዎች ይህን ካደረጉ፣ ተቆጣጣሪ የሌለው የቃል መረጃ ምን ያህል እምነት ሊጣልበት እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ዳገቱ ስንት ይበላል?

ከአዲስ አበባ መቱ በጅማ በኩል 600 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። መንገዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው የአዲስ አበባ ከፍታ ተነሥቶ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። የጊቤ ድልድይ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጅማ ይወጣል፤ ከአጋሮ በኋላ ወደ ዴዴሳ ይወርዳል፤ እንደገና ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው በደሌ ይወጣል። ከበደሌ በያዮና በሁሩሙ በኩል የገባን ወንዝ ሸለቆ አቋርጦ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው መቱ ይደርሳል። ጎሬ ከመቱ 25 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ሲወረድ ደግሞ መንገዱ ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል።

ይህን መንገድ በካርታ ላይ በኪሎሜትር ብቻ የሚለካ ነጋዴ ግማሹን ሒሳብ ትቶታል። ዳገት የራሱ ዋጋ አለውና። በፊዚክስ ሕግ 1 ቶን ክብደትን 1,000 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት የታወቀ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን የያዘው ጉልበትም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የቤንዚን ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ነው፤ ቀሪው በራዲያተርና በጭስ መውጫ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሁለቱ ሲካፈሉ ለነጋዴ የሚመች ቀላል ደንብ ይወጣል። አንድ ቶን፣ 1,000 ሜትር ሽቅብ፣ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ቤንዚን። ናፍታ በሊትር የሚይዘው ጉልበት ስለሚበልጥና ሞተሩም የተሻለ ስለሚጠቀምበት፣ ለዚያው ሥራ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ለዳገቱ ብቻ፣ ለሜዳው ከሚወጣው በላይ የሚታከል ነው።

በዚህ ደንብ መሠረት ተሳፋሪዋን ጨምሮ 1,500 ኪሎ የምትመዝን የቤት መኪና ከጋምቤላ ወደ ጎሬ ስትወጣ፣ ለ1,500 ሜትሩ ሽቅብ ብቻ 2 ሊትር ተኩል ያህል ትጨምራለች። መኪናዋ በሜዳ ላይ በ100 ኪ.ሜ. 8 ሊትር የምትፈጅ ከሆነች፣ ለ150 ኪ.ሜ. የሚያስፈልጋት 12 ሊትር ነበር፤ በዳገቱ ምክንያት 14.5 ሊትር ይሆናል። ይህም በሊትር 10.3 ኪ.ሜ. ነው። በቁልቁለቱ ስትመለስ ግን 10 ሊትር ቢበቃት፣ በሊትር 15 ኪ.ሜ. ሄደች ይባላል። መኪናዋ ያችው፣ ሾፌሩም ያው፣ ሳምንቱም ያው ሆኖ ሳለ፣ ሻጩ «በሊትር 15» ቢል አልዋሸም፤ ገዢው «በሊትር 10» ቢልም አልተሳሳተም። እውነተኛው ቁጥር የሚገኘው ግን ደርሶ መልሱን 300 ኪ.ሜ. ለጠቅላላው 24.5 ሊትር በማካፈል ሲሆን፣ እርሱም በሊትር 12.2 ኪ.ሜ. ነው። ቁልቁል ብቻ የተለካ ቁጥር ለገበያ ይመቻል፤ ለኪስ ግን አይሆንም።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ የብዙ ሾፌሮች ልማድ ነው። ይህ በሁለት መንገድ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚረጭባቸው ሞተሮች ማርሽ ላይ እንዳሉ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ የነዳጁን መርጨት ያቋርጣሉ፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ የጊቤን ወይም የጎሬን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን አግሎ ያደክማል፤ የሚተርፈው የነዳጅ ሳንቲም ለሕይወትና ለንብረት ካሣ አይሆንም።

ጉልበት ያላት መኪና ለምን ታባክናለች?

አንዳንድ ባለሀብት «ጉልበት ያላት መኪና ዳገቱን ሳትጨነቅ ስለምትወጣ ነዳጅ ትቆጥባለች» ሲል ይደመጣል። አባባሉ እውነት የሚመስለው ሞተሩ ስለማያጓራ ነው። ይሁንና ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት የሚወሰነው በክብደት እንጂ በሞተሩ ትልቅነት አይደለም። ትልቁ ሞተርና እርሱን የሚሸከመው አካል ራሳቸው ክብደት ናቸው፤ ኤም 5 ባዶዋን ከ1,700 ኪሎ በላይ ትመዝናለች።

ዋናው ብክነት ግን በሜዳው ላይ ነው። አንዲት የቤት መኪና ደኅና አስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪ.ሜ. ለመጓዝ የሚያስፈልጋት ከ10 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ የሚቀነሰው የአየር ማስገቢያው በር እየጠበበ ነው፤ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 15 ብቻ ሲጠየቅ በሩ ሊዘጋ ይደርሳል፤ ሞተሩም አየር በጠባብ ቀዳዳ ለመሳብና 10 ፒስተኖቹን ለማንቀሳቀስ ብቻ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል። ፈረስ የሚጎትተውን ጋሪ በዝሆን እንደማስጎተት ነው፤ ዝሆኑ ቢሠራም ባይሠራም መኖው አይቀርም። የናፍታ ሞተር ይህ የአየር በር ጣጣ ስለሌለበት በቀላል ሥራ ላይ ብዙ አያባክንም። ናፍታ የሚጠቀሙ ፒክ አፖች በአካባቢው መንገዶች ላይ የተመረጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አየር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በጎሬና በበደሌ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ለዚያ ጉልበት ተብሎ የተከፈለው ዋጋ ባሕር ዳርቻ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። አሮጌ ካርቡራተር ያላቸው መኪኖች ደግሞ በሣሣው አየር ውስጥ ነዳጅ አብዝተው ይሰጣሉ፤ ለከፍታው ካልተስተካከሉ ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ምልክታቸው ነው። በተጨማሪም ኃይለኛ የስፖርት ሞተሮች ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋሉ። ያ ካልተገኘ ሞተሩ ራሱን ለመከላከል የእሳቱን ጊዜ ያዘገያል፤ ያን ጊዜ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ፍጆታውም ይጨምራል።

የሰልባትዮው ጉዳይም መረሳት የለበትም። የኤም 5 ሰልባትዮ 70 ሊትር ይይዛል። በሊትር 5.5 ኪ.ሜ. ብትሄድ 385 ኪ.ሜ. ነው፤ ጅማን ጥቂት አለፍ ማለት። በመልካሙ የአውራ ጎዳና ቁጥር፣ በሊትር 7.2 ብትሄድ እንኳ 504 ኪ.ሜ. ነው፤ መቱ አትደርስም። ማደያ ላይ ሰልፍ ባለበትና ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን፣ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ የግድ መቅዳት ማለት አንድ የንግድ ቀን ማጣት፣ አለዚያም ንጽሕናው ያልታወቀ ቤንዚን ከጀሪካን በውድ መግዛት ሊሆን ይችላል።

ቅናሹና ነዳጁ ሲተሳሰቡ

ከዚህ ሁሉ «ጉልበት ያላትን መኪና አትግዙ» የሚል ድምዳሜ አይወጣም። ጥያቄው የዋጋ ነው። የነዳጅ ፍርሃት ገዢ ስለሚያሸሽ፣ ሻጩ ቅናሽ ለማድረግ ሊገደድ ይችላል። ቅናሹ ከነዳጁ ይበልጣል ወይ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለሒሳብ እንዲቀል አንድ ሊትር 100 ብር ይሁን። ከመቱ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 1,200 ኪ.ሜ. ነው። በሊትር 12 ኪ.ሜ. የምትሄድ ትንሽ መኪና 100 ሊትር፣ ማለትም 10,000 ብር ትፈልጋለች። ኃይለኛዋ መኪና በሊትር ከ5.5 እስከ 7.2 ኪ.ሜ. ብትሄድ፣ ከ167 እስከ 218 ሊትር ትፈጃለች። ልዩነቱ በአንድ ደርሶ መልስ ከ6,700 እስከ 11,800 ብር ነው። በወር ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ነጋዴ በዓመት 24 ጉዞ ያደርጋልና፣ ልዩነቱ ከ160,800 እስከ 283,200 ብር ይደርሳል። ሻጩ 300,000 ብር ቀንሶለት ቢሆን፣ ቅናሹ በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት መካከል በነዳጅ ተበልቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኪሣራ ነው።

በሌላ በኩል፣ መኪናውን በመቱ ከተማና በአካባቢው ብቻ የሚያንቀሳቅስ፣ በዓመት ከ5,000 ኪ.ሜ. የማይበልጥ ባለሀብት ሒሳቡ ይለያል። በከተማ አነዳድ ኃይለኛዋ በሊትር 4.7፣ ትንሿ በሊትር 10 ቢሄዱ፣ የዓመቱ ልዩነት 564 ሊትር ወይም 56,400 ብር ነው። የ300,000 ብሩ ቅናሽ ከ5 ዓመት በላይ ያቆየዋል። ስለዚህ «ነዳጅ ትበላለች» የተባለች መኪና ለአንዱ ጉዳት፣ ለሌላው ትርፍ ልትሆን ትችላለች። የሚወስነው በዓመት የሚነዳው ኪሎሜትር ነው። እርግጥ ጎማው፣ መለዋወጫውና መካኒኩ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ በዓመታት የሚቆጠር ቅናሽ በአንድ የካምብዮ ብልሽት ሊጠፋ ይችላልና።

«በሊትር» የሚለው መለኪያ ወጥመድ

ብዙ ነጋዴ የማያስተውለው አንድ የቁጥር ወጥመድ አለ። በሊትር 12 ትሄድ የነበረችን መኪና በሊትር 14 በምትሄድ መለወጥ ትልቅ እርምጃ ይመስላል፤ በሊትር 5 የሚሄድን በሊትር 6 በሚሄድ መለወጥ ግን ትንሽ ነገር ይመስላል። በ1,000 ኪ.ሜ. ሲሰላ ነገሩ ይገለበጣል። ከ12 ወደ 14 ሲታለፍ ከ83 ሊትር ወደ 71 ይወርዳል፤ የሚተርፈው 12 ሊትር ነው። ከ5 ወደ 6 ሲታለፍ ግን ከ200 ሊትር ወደ 167 ይወርዳል፤ የሚተርፈው 33 ሊትር ነው። የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል ይህንኑ የሰዎች ስሕተት በ2008 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አሳይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ «በ100 ኪ.ሜ. ስንት ሊትር?» ብሎ መጠየቅ። በማይልና በጋሎን የተጻፈ የአሜሪካ ወረቀት ያለው መኪና ሲያጋጥም፣ ቁጥሩን በ0.425 ማባዛት ኪ.ሜ. በሊትርን ይሰጣል። የእንግሊዝ ጋሎን ግን ተለቅ ስለሚል ማባዣው 0.354 ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ብቻውን መኪናን በ20 በመቶ ቆጣቢ ያስመስላል።

ለጭነት ሰው

ኢሉባቦር የቡና አገር ነውና፣ ይህ ትምህርት ከቤት መኪና ይልቅ በጭነት መኪና ላይ ይጠነክራል። አካባቢው የመጓጓዣን ዋጋ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። የሞተር መንገድ ሳይስፋፋ የጎሬ ቡና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ከዚያም ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ያን ጊዜ የነጋዴው ጭንቀት የከብቱ መኖና የወንዙ ውኃ ነበር፤ ዛሬ ናፍታ ነው።

60 ኩንታል ቡና ከመቱ አዲስ አበባ የሚያደርስ የጭነት መኪና «በሊትር 5 ይሄዳል» ተብሎ ቢታሰብ፣ 120 ሊትር ይፈልጋል። ባለቤቱ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ የማጓጓዣ ዋጋ ይዋዋላል። መኪናው ከነጭነቱ የሚሄደው በሊትር 4 ከሆነ ግን የሚፈልገው 150 ሊትር ነው። በሊትር 100 ብር ሒሳብ፣ 30 ሊትር 3,000 ብር ነው፤ ለኩንታል 50 ብር። ቡና በጥቂት ብር ልዩነት በሚሸጥበት ገበያ ይህ በጆሮ የተሰማ ቁጥር ያስከተለው ቀዳዳ ነው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ 7 ሊትር ተኩል ያህል ተጨማሪ ናፍታ እንደሚያቃጥል ሲታሰብ፣ ባዶውን የተለካ ቁጥር ለጭነት ውል መሠረት ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ይሆናል። ሲመለስ ባዶውን የሚመለስ ከሆነም የመልሱ ነዳጅ ለሄደው ኩንታል መከፋፈል አለበት።

እንዴት ይለካ?

እውነተኛውን ቁጥር ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

1. ሰልባትዮው ሙሉ ይቀዳ፤ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆርጥ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ እያናወጡ አይጨመር። የኪሎሜትሩ ቁጥር ይመዝገብ።

2. ቢያንስ ግማሽ ሰልባትዮ እስኪያልቅ፣ መኪናው በሚሠራበት መንገድና ጭነት ይነዳ። በተቻለ መጠን ደርሶ መልስ ይሁን።

3. በዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ ይቀዳ። የገባው ሊትር በተነዳው ኪሎሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የ100 ኪ.ሜ. ፍጆታ ይገኛል።

4. ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰድ። የአንድ ጊዜ ልኬት ያታልላል።

5. የኪሎሜትር ቆጣሪው ራሱ ይፈተሽ። ለመጥፎ መንገድ ተብሎ ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና ቆጣሪው አሳንሶ ይቆጥራል፤ የሚያንስ ጎማ ያለው ደግሞ አብዝቶ። በስልክ ላይ ያለ የሳተላይት መለኪያ ለማነጻጸር ይበቃል። በዳሽቦርድ ላይ የሚታየው የኮምፒዩተር ቁጥርም በደብተሩ ሳይረጋገጥ አይታመን።

ከተለካ በኋላ ፍጆታው ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ መኪናዋን ከመውቀስ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ኃይለኛ አነዳድ፣ ማለትም ድንገት ማስፈንጠርና ድንገት ፍሬን መያዝ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ ያባክናል። ሞተር አስነሥቶ መቆም በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይፈጃል፤ ማደያ ሰልፍ ላይ ሞተር ሳያጠፉ መጠበቅ ነዳጅ ፍለጋ ሄዶ ነዳጅ ማቃጠል ነው። በጣራ ላይ የታሠረ ዕቃም በፍጥነት ሲነዳ ከ10 በመቶ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። የተነፈሰ ጎማ፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮና የሚይዝ ፍሬን እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አንዳንዱ «ነዳጅ ትበላለች» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ መኪና በጋራዥ የጥቂት ሰዓት ሥራ ብቻ የሚቀረው ይሆናል፤ ይህን የሚያውቅ ገዢ ያተርፍበታል።

ለሻጭና ለደላላ

ትክክለኛ ቁጥር ሻጭንም ይጠቅማል። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግዢ በቴሌብርና በመሰል የኤሌክትሮኒክ ክፍያዎች እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ፣ የእያንዳንዱ ቅጂ ቀንና የብር መጠን በባለመኪናው ስልክ ላይ ይቀራል። ከጎኑ የኪሎሜትሩን ቁጥር የሚመዘግብ ባለንብረት መኪናውን ሲሸጥ ከሊብሬውና ከቦሎው ጋር የነዳጅ ታሪኳንም ማሳየት ይችላል። የስድስት ወር ደብተር ይዞ የቀረበ ሻጭ፣ ቁጥሩ ጥሩ ባይሆን እንኳ፣ በቃሉ ብቻ ከሚቀርበው ይልቅ ይታመናል፤ ክርክሩም ያጥራል። ደላላውም ቢሆን የሚኖረው በሚመለስ ደንበኛ ነው። በመቱና በበደሌ ሁሉም በሚተዋወቅበት ገበያ «በሊትር 12» ብሎ ሸጦ መኪናዋ በሊትር 7 ከሄደች፣ ኮሚሽኑን አንድ ጊዜ ይበላል እንጂ ሁለተኛ አይጠራም።

ገዢውም በበኩሉ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ «ከየት እስከ የት፣ ስንት ሰው ወይም ስንት ኩንታል ጭነው፣ ስንት ሊትር ቀዳችሁ?» ብሎ መጠየቅን ቢለምድ ይጠቀማል። መልስ ከሌለ፣ ሰልባትዮውን አስሞልቶ የራሱን መንገድ ደርሶ መልስ ለመሞከር ይጠይቅ። የአንድ ቀን ሙከራ የሚያስወጣው ነዳጅ፣ በስሕተት ቁጥር ከተቆረጠ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።